ዝዴንካ ያልሰማችው ዜማ

የጋሽ ቦሁሚልን ሞት የሰማሁት መኪና ውስጥ ሆኜ ነው። ከምኖርበት ከኮሎምቢያ ሃይትስ ወጥቼ ወደ እሳቸው ቤት፣ ወደ ሆፕኪንስ ስሄድ ስልኬ ጠራ። እየነዳሁ ስልክ ስለማላነሳ ነዳጅ ማደያ ገብቼ ቆምኩና መልሼ ደወልኩ። ሽማግሌዎችን በየቤታቸው የምንረዳበት የሆም ኬር ኤጀንሲያችን ልጅ ናት። «ዛሬ መሄድ የለብሽም፤ ሽማግሌው ሌሊት ሆስፒታል ተወስደው እዚያው አርፈዋል። ስኬጁልሽን አፕዴት አድርገነዋል» አለችኝ። ድምጿ ደግ ነበር። ቀጥላ ሐሙስ ሌላ ሰው ቤት መሥራት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እችላለሁ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን መኪናውን ማስነሳት አቃተኝ። ለእሳቸው የሠራሁት የምስር ሾርባ አጠገቤ ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮ ተቀምጧል። እንዳይደፋ ብዬ ሁልጊዜ ቀበቶ አስርለታለሁ።

እሳቸው ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር። «በርቱካን፣ ሾርባው መንጃ ፈቃድ አለው ወይ?» ይሉኝ ነበር። ስሜ ብርቱካን ነው፤ በደንብ ብለውት አያውቁም። እኔም የእሳቸውን ስም በደንብ ብዬው አላውቅም።

ጋሽ ቦሁሚል ቼክ ከሚባል አገር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። በስም ብቻ መጥራት ስለከበደኝ «ጋሼ» ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ትርጉሙን ጠይቀው ወደዱት፤ ከዚያ ወዲያ ሚስተር ያልኳቸው እንደሆነ አይሰሙኝም ነበር። ስማቸው በአገራቸው ቋንቋ «እግዜር የሚወደው» ማለት ነው። «እናቴ ነች ያወጣችው፤ እግዜርን ግን አላስፈረመችውም» ይላሉ። እኔ እንዲህ ያለ ቀልድ ስለሚያስፈራኝ በልቤ ይቅር በላቸው እላለሁ።

ሥራቸው ኦፔራ መድረስ ነበር። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ኦፔራ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበርና መጀመሪያ የገባሁ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ሰው ሲጣላም፣ ሲያፈቅርም፣ ሲሞትም የሚዘፍንበት ቲያትር ነው» አሉኝ።

«ሲሞት እንዴት ይዘፍናል? ትንፋሹስ?»

ሳቃቸው ሳል ሆነባቸውና ውሃ አቀበልኳቸው። «እሱን ለማወቅ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የምጽፈው» አሉ።

ቤታቸው ጠባብ ነው። ሳሎኑን ፒያኖው ይዞታል፤ ሰው የሚያልፈው በጎኑ ነው። ግድግዳው ላይ አንዲት ፎቶ ብቻ ነበረች፤ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ወጣት ሴት አፏን ከፍታ ስትዘፍን። እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው እርሳስ ይፈልጋሉ። ላጲስ ከጋውናቸው ኪስ አይጠፋም። ከጻፉት የሚያጠፉት ይበዛ ነበርና ምንጣፉን ቫኪዩም ሳደርግ የላጲስ ብናኝ እንጂ ሌላ ቆሻሻ አላገኝም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው ሲናገር ቃሉን ትተው ዜማውን ይሰማሉ። ፖስታ የሚያመጣው ሰውዬ «መልካም ቀን» ሲላቸው ወዲያው ፒያኖው ጋ ሄደው አነጋገሩን በጣታቸው ይመቱታል። እውነትም እሱን ይመስላል። የእኔንም ያዙብኝ። ልጄ ሶስና ከትምህርት ቤት በአውቶቡስ ስትመለስ እደውልላትና «ሶስና፣ ደረስሽ ወይ?» እላለሁ። ካልመለሰች ደግሜ እደውላለሁ። አንድ ቀን ስልኩ ስፒከር ላይ እያለ ጋሼ ከወዲያ «ደረስሽ ወይ»ን በፒያኖ መቱት። መጨረሻው ላይ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሶስና በስልክ ውስጥ ሳቀች። «ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ! ዛት ኢዝ ሶ ዩ!»

«ይህ ጥያቄ አይደለም» አሉኝ ጋሼ። «ልጇ ገደል አፋፍ ላይ ስትቆም ያየች ሴት ነች እንዲህ የምትጣራው። ልጅቷ ግን አውቶቡስ ውስጥ ነች።»

ተናደድኩ። «ልጅ ያለው ሰው ይገባዋል» አልኳቸው።

ወዲያው ጸጸተኝ፤ ልጅ እንደሌላቸው አውቃለሁ። እሳቸው ግን አልተቀየሙም። የፒያኖውን ክዳን ቀስ ብለው ዘጉና ፎቶዋን በዓይናቸው እያሳዩ «ልጅ የለኝም። እህት ግን አለችኝ» አሉ።

የእህታቸው ስም ዝዴንካ ነው፤ ታናሻቸው ናት። በርኖ በምትባል ከተማ እሳቸው ዜማ ይደርሱ ነበር፣ እሷ ትዘፍን ነበር። የመጀመሪያ ኦፔራቸውን በእሷ ድምፅ ልክ ነው የጻፉት፤ ልብስ ሰፊ ጨርቁን በሰውዬው ትከሻ እንደሚለካ ማለት ነው። ከዚያ የሩሲያ ታንኮች አገራቸው ገቡ። ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ብለው ድንበር ተሻገሩ፤ በዚያው ቀሩ። መንግሥት እሳቸውን ሲያጣ እህታቸውን ያዘ። አላሰሯትም፤ ከመድረክ አወረዷትና ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አስገቧት። የሰው አንሶላ እያጠበች አረጀች።

ጋሼ እዚህ መጥተው ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ልጆችን ፒያኖ እያስተማሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን እየመቱ ኖሩ። ትዳር ነበራቸው፤ ፈረሰ። ኦፔራ ግን መጻፍ አላቆሙም። አንዳንዱ በኮሌጅ አዳራሽ ታየ፣ አንዳንዱም ጭራሽ ሳይታይ ቀረ። በሁሉም ውስጥ አንዲት ሴት አለች፤ ድምጿም የዝዴንካ ድምፅ ነው። «የሌላ ሴት ድምፅ መጻፍ አልችልበትም» አሉኝ።

በኋላ ያ መንግሥት ወደቀና ኦፔራዎቻቸው የተቀዱባቸውን ካሴቶች በሻንጣ ይዘው ወደ አገራቸው ሄዱ። ዝዴንካ አቅፋ ሳመቻቸው፣ ሾርባ ሠራችላቸው፤ ካሴቶቹን ግን አንድ በአንድ መልሳ ሻንጣቸው ውስጥ ከተተች። «ድምፄን ስታመጣልኝ ያን ጊዜ እሰማዋለሁ» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ይገናኛሉ። እኔ ቅዳሜም ስለምሠራ እሰማቸው ነበር። ቋንቋቸው ባይገባኝም ስለምን እንደሚያወሩ ጋሼ ይነግሩኛል፤ ስለ በረዶው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎረቤቷ ድመት። ስለ ሙዚቃ አንዲት ቃል አይወጣቸውም። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ትንሽ ጊዜ በእጃቸው ይዘውት ይቆያሉ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ቅዳሜ ወጥ ቤት ሆኜ ሲጮኹ ሰማሁ። ወደቁ ብዬ ጓንቴን ሳላወልቅ ሮጥኩ። መደገፊያ ዎከራቸውን ይዘው መሬቱን በእግራቸው ይደበድባሉ፤ ለካ መጨፈራቸው ነው።

«በርቱካን! እሰማለሁ አለች!»

ሴንት ፖል ያለ አንድ ትንሽ የሙዚቃ ቡድን የመጨረሻ ኦፔራቸውን በረዶው ሲቀልጥ ሊያሳይ ተስማምቶ ነበር። ታሪኩ ስለ አንዲት ልብስ አጣቢ ሴት ነው። ይህን ለዝዴንካ በስንት ፍርሃት ነገሯት። እሷም «ስለ እኔ ከሆነ ልስማው እንግዲህ። ዋሽተህ እንደሆነም ልወቅ» አለቻቸው። ፓቬል የሚባለው ልጇ ኮምፒውተር ሊከፍትላት፣ ከዚህ በቀጥታ ልትሰማ ተባለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ የሚፈልጉት ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ዝዴንካ እስክትሰማ መቆየት። መድኃኒት ሲውጡ ያማርሩ የነበሩት ሰውዬ አሁን «ሰዓቱ አልደረሰም?» እያሉ እኔኑ ያስታውሱኝ ጀመር። በረዶ ላይ እንዳልወድቅ ብለው ከቤት አይወጡም። የሚፈሩት ለራሳቸው ነበር። ስለ እሷ አልሰጉም፤ ታናሻቸው ናታ።

ገና በረዶው ሳይቀልጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተኝተው ሳለ የቤቱ ስልክ ጠራ። ጆሯቸው ለስልክ ስለደከመ የማነሳው እኔ ነኝ። ፓቬል ነው። እንግሊዝኛው እንደ እኔ የተሰባበረ ነው። «እናቴ ዛሬ ጧት ሞተች። እኔ በስልክ ልነግራቸው አልችልም። አንቺ አጠገባቸው ነሽ፤ እባክሽ አንቺ ንገሪያቸው» አለኝና አለቀሰ።

ልባቸው ደካማ እንደሆነ ሐኪሙ ነግሮኛል። ብቻዬን ሆኜ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ፣ ዎከር ተደግፎ ለቆመ ሽማግሌ መርዶ መንገር የሚሆን ነገር ሆኖ አልታየኝም። ተነስተው ሻይ ሲጠጡ ፊቴን እንዳያዩ ፍሪጁን ሳጸዳ ቆየሁ። ቤቴ ስመለስ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ለሆኑት ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ።

«ዘመድ የላቸውም?» አሉኝ።

«እዚህ አገር ማንም የላቸውም።»

«እንግዲያው እኛ እንሄዳለን። በማለዳ ነው እንጂ በሌላ ሰዓት አይሆንም።»

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ የቤተ ክርስቲያን ቫን ይዘን ክሪስታል ሰፈር ካሉት ጀምረን ሰው ለቀምን። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ሆፕኪንስ ደረስን። አንዷ ንፍሮ፣ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ሻይ በፔርሙዝ ይዘዋል። ጋሼ በፒጃማ በሩን ከፈቱ። ኮሪደሩን ሞልተን ቆመናል። አንድ በአንድ ፊታችንን ተመለከቱ።

«ዝዴንካ ናት?» አሉ።

ጋሽ ታደሰ አንገታቸውን ደፉ።

«ይህን ያህል ሰው በማለዳ የሚያስመጣ ሌላ ሰው የለኝም» አሉና ከበሩ ገለል አሉልን።

ጋሽ ታደሰ ደግፈው አስቀመጧቸው። ወንበር ስላልበቃ ሰው መሬት ላይ፣ የፒያኖው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ታደሰ መዝሙረ ዳዊት አነበቡ፤ ጸለዩ። ከዚያ ዝም አልን። ጋሼ አላለቀሱም። ጥቂት ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁን ምን ይደረጋል?»

«እንቀመጣለን፣ ጋሼ።»

«ዝም ብላችሁ? ለሞተ ሰው የሚዘፍን የላችሁም?»

ድሮ አልቃሽ እንደነበረ፣ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ሕዝቡ «ወየው» እያለ እንደሚመልስላት፣ እኛ ግን ጌታን ካገኘን ወዲህ እንደተውነው ነገርኳቸው። ይህን ስናገር ዓይኔ እትዬ በለጡ ላይ አረፈ። እትዬ በለጡ ከመንዝ ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር ክሪስታል ይኖራሉ። በወጣትነታቸው ከሩቅ አገር በበቅሎ እየመጡ ለለቅሶ ይወስዷቸው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ጋሼ ዓይኔን ተከትለው አዩዋቸው።

«እህቴ ድምፅ ነበረች» አሉ። «ድምፅ የሌለበት ለቅሶ አይገባትም። እባክሽ ጠይቂልኝ።»

ተረጎምኩ። ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ በለጡ፣ ይሄን ነገር ትተነዋል እኮ።»

«እኔስ መች ጀመርኩት አልኩ?» አሉ እትዬ በለጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ሴትዮዋን ሳላውቃት ምን እላለሁ? ሥራዋ ምን ነበር በያቸው።»

ጋሼ ይናገራሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እትዬ በለጡ ይጠይቃሉ። ቁመቷስ? ማን ጎዳት? ማንን ወለደች? ወንድሟ ሲሄድ ሸኝታዋለች? እዚያ ላይ ጋሼ ዓይናቸውን ወደ ፎቶዋ መለሱ። «አልነገርኳትም። ማታ ልምምድ ላይ ነበረች፤ ሳልነግራት ሄድኩ» አሉ። ይህንን ለእኔም ነግረውኝ አያውቁም።

እትዬ በለጡ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያ የሚንቀጠቀጥ የአሮጊት ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

የሰው አንሶላ አጥባ ስታሰጣ ኖራ፣
ሳትሰማው ነጎደች ወንድሟ ሲጣራ።

«ወየው!» አሉ ሴቶቹ። የተውነው መስሎን ነበር፤ አፋችን ግን አልተወውም።

ታላቅ ወንድም ሸሽቶ ዜማ ሲደረድር፣
የታናሽ እህቱ ድምጿ ቀረ ባገር።

«ምን አለች?» አሉኝ ጋሼ። የመጀመሪያውን ነገርኳቸው። ሁለተኛውን ፈራሁ። «ስለ እህትዎ ነው» አልኩ።

«በርቱካን። ምን አለች?»

ነገርኳቸው። ልባቸውን እያሰብኩ እጃቸውን ያዝኩ። ጋሼ እትዬ በለጡን ትኩር ብለው ተመለከቷቸው።

«ዝዴንካ በሕይወቷ ሙሉ ይህን ልትለኝ ፈልጋ አላለችኝም» አሉ፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። አለቃቀሳቸው የልጅ ነበር፤ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ።

ሦስት ቀን ሰው አልተለያቸውም። ጋሼ ንፍሮውን እያነሱ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሲያደቅቁ «ጠንካራ ነው። የለቅሶ ምግብ እንዲህ መሆን አለበት» አሉ።

ከዚያ የሙዚቃ ቡድኑን የምትመራው ወጣት ሴት ዘንድ ደውለው ኦፔራው እንዲሰረዝ ነገሯት። «የምትሰማው ሰው ሞታለች» አሏት። ልጅቷ ቤት ድረስ መጥታ ለመነቻቸው፤ ዘፋኞቹ ተለማምደዋል፣ አዳራሹ ተይዟል። እሺም እምቢም አላሏትም። በሌላው ቀን ስገባ ፒያኖው ላይ አጎንብሰው በላጲስ ሲያጠፉ አገኘኋቸው። በመጨረሻው ክፍል አጣቢዋ ብቻዋን ቆማ የምትዘፍነው ረጅም ዘፈን አለ። የእሷን ድምፅ ብቻ እያጠፉ ነው፤ የቫዮሊኑን፣ የሌላውን ሁሉ ትተውታል። ሲደክማቸው ይቀመጣሉ፤ ደግሞ ይነሳሉ። እጃቸውን እንዳያማቸው ላጥፋልዎት አልኳቸው። «አይሆንም። እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ።

ልጅቷ ወረቀቱን ስታይ ደነገጠች። «እንግዲህ ዘፋኟ ምን ታድርግ?»

«ትቁም። ቦታው የዝዴንካ ነው። ሌላ ሰው አይገባበትም።»

የታየው ሴንት ፖል በአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነው። መንገዱ ላይ በረዶው ቀልጦ ጭቃ ሆኗል። ጋሽ ታደሰ በቫኑ ወሰዱን። ጋሼን በዊልቸር ከፊት አስቀመጥናቸው፤ እኔ፣ ሶስና፣ እትዬ በለጡና ጋሽ ታደሰ ከኋላቸው ተቀመጥን። እትዬ በለጡ «ሴቶቹ ምን ያስጮኻቸዋል?» እያሉ ጆሮዬ ውስጥ ይጠይቁኛል። ሶስና ስልኳን ስታወጣ በዓይኔ እቆጣታለሁ። ሰው እንዳይታዘበን እጄን አጣምሬ ቁጭ ብያለሁ።

የመጨረሻው ክፍል መጣ። ዘፋኟ ነጭ አንሶላ በእጇ ይዛ መሀል ቆመች። ቫዮሊኖቹ ጀመሩ። አፏን አልከፈተችም። ሙዚቃው ቆም ይላል፣ ለእሷ ቦታ ይተዋል፣ መልስ ሲያጣ ደግሞ ይቀጥላል። ሕዝቡ መጀመሪያ የረሳች መስሎት ተንቀሳቀሰ፤ ኋላ ትንፋሹን ያዘ።

ሙዚቃው እንደገና ቆም አለ። ያን ጊዜ እትዬ በለጡ ሳይታሰብ «ወየው!» አሉ።

ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። ሰው ሁሉ ዞረ። ሶስና «ኦ ማይ ጋድ» ብላ ወንበሯ ውስጥ ሰመጠች። እኔ ያስወጡናል ብዬ የእትዬ በለጡን ክንድ ያዝኩ።

«ምነው ትይዢኛለሽ?» አሉኝ እትዬ በለጡ በጎላ ድምፅ። «አልቃሽ ብቻዋን ቆማ ዝም ይባላል እንዴ? ነውር አይደለም?»

ሙዚቃ የምትመራዋ ልጅ እጇን በአየር ላይ እንደያዘች ወደ ጋሼ ዞረች። ጋሼ ወደ ኋላ አልተመለከቱም። ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱና ቀጥይ አሏት። ቫዮሊኖቹ ቀጠሉ፤ ቆም አሉ። ጋሼ እጃቸውን ወደ እኛ ዘረጉ፤ «አሁን» እንደማለት።

«ወየው» አሉ እትዬ በለጡ፤ አሁን ቀስ ብለው። ሦስተኛው ላይ ከጎኔ ወፍራም የወንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ራሳቸውን ደፍተዋል። አራተኛው ላይ እኔም አልኩ። ከፊት ያለችው ሴት አንሶላውን ደረቷ ላይ ሰብስባ እንባዋ ይወርዳል። እንዲህ ሆኖ አለቀ።

ሲጨበጨብ፣ ሲጨብጧቸው፣ ፎቶ ሲያነሷቸው ጋሼ ዓይናቸውን ከእትዬ በለጡ ላይ አልነቀሉም። ቫኑ ውስጥ ዊልቸራቸውን አስሬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የእትዬ በለጡን እጅ ይዘው «ሕይወቴን ሙሉ ሲያጨበጭቡልኝ ኖረዋል። የመለሰልኝ ሰው ግን የለም ነበር፤ ይህን ንገሪያቸው» አሉኝ። ነገርኳቸው። እትዬ በለጡ «ነፍስ ይማር በያቸው» አሉና እጃቸውን ሳሙት።

ድልድዩን ስንሻገር ጋሼ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ዝዴንካ ሰምታለች ትያለሽ?»

ጋሽ ታደሰ በመስታወቱ አዩኝ። ሰምታለች ብል ደስ ይላቸው ነበር። ግን እኔ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ መዋሸት እፈራለሁ፤ እሳቸውም ድምፄን እንደሚያውቁት አውቃለሁ።

«አልመሰለኝም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እኛ ግን ሰምተናል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳብኩላቸው። የእኛ መስማት ይበቃል አላሉም። አይበቃምም ነበር።